ኮሮና ጊዜ ቢች ለምን ተዘጋ? የሎስ አንጀለስ ሀበሾች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

እዚህ ሎስ አንጀለስ ሀበሻ በተሰበሰበበት ቦታ የኮሮና ጊዜ ወሬ ከተነሳ የቢቹ ነገር ሳይነሳ አያልፍም። አንዱ ልክ ነበር ይላል፣ ሌላው ሜዳ ላይ ምን ኮሮና አለ ብሎ ይነሳል፣ ከዛ ጭቅጭቅ ነው። ያኔ የካውንቲውን (ከግዛቱ በታች ያለውን የአካባቢ አስተዳደር) ማስታወቂያ እያነበብኩ ለዘመድም ለጓደኛም በአማርኛ በቴሌግራም እልክ ስለነበር ጥያቄው እስካሁን ወደኔ ይመጣል፣ ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የማወራው ስለ ሎስ አንጀለስና ስለ አካባቢው ነው፣ የሌላውን አገር ትንሽ ብቻ ነው የምነካው።

መቼ ነው የተዘጋው? ለስንት ጊዜስ?

የግዛቱ ገቨርነር ኒውሰም መላው ካሊፎርኒያ ቤቱ ይቀመጥ ብሎ ያዘዘው ማርች 19/2020 ነው። ግን ትዕዛዙ ለእግር ጉዞና ለስፖርት መውጣት ይፈቅዳል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ስራ ቆሟል፣ ጂም የለም ሬስቶራንት የለም፣ ታዲያ ሰው የት ይሂድ? በሳምንቱ መጨረሻ ከተማው ሁሉ ነቅሎ ወደ ቢችና ወደ ተራራ ወጣ። ፓርኪንጉ ሞላ፣ የቬኒስ ቦርድዎክ (ቢቹን ተከትሎ የሚሄደው የእግረኛ መንገድ) ትከሻ ለትከሻ ሆነ። መጀመሪያ ፓርኪንጎቹ ተዘጉ፣ ከዛ ማርች 27 ካውንቲው የህዝብ ቢቾችን በሙሉ ዘጋ፣ አሸዋው ብቻ ሳይሆን ሽንት ቤቱም፣ የብስክሌት መንገዱም፣ ባህሩ ላይ የተዘረጋው ድልድይ፣ ፒሩም። መጀመሪያ የተባለው እስከ ኤፕሪል 19 ነበር፣ የኛ ፋሲካ የዋለበት ቀን ማለት ነው፣ ቤተክርስቲያን ሳንሄድ ቅዳሴ በስልክ እያየን ያሳለፍነው ፋሲካ። ከዛ ተራዘመ። እንደገና የተከፈተው ሜይ 13 ነው። ስለዚህ ወር ከአስራ አምስት ቀን አካባቢ መሆኑ ነው።

ውጪ አይደል እንዴ? ንፋስ አለ ፀሀይ አለ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራው?

ይሄ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ የጠየቀውን ሰው ግድየለሽ ነው ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው። ዝግ ክፍል ውስጥ አንድ የታመመ ሰው ሲያወራ፣ ሲስል፣ ሲዘምር የሚያወጣው ትንፋሽ የሚሄድበት ስለሌለው እዛው ይጠራቀማል፣ መስኮት ዘግቶ እጣን እንደማጨስ ነው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠም ሰው ይሸተዋል። ውጪ ግን አየሩ ወዲያው ይበትነዋል፣ ፀሀዩም ቫይረሱን ቶሎ ያዳክመዋል። የባህር ዳርቻ ደሞ ንፋስ ከማይጠፋባቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

ታዲያ ለምን ፈሩ? አንደኛ ማርች ላይ ይሄን ሁሉ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። በዛን ሰአት የሚባለው እጅ ታጠቡ፣ ሁለት ሜትር ራቁ ነበር፣ ማስክ ራሱ ህዝቡ እንዲያደርግ የተመከረው ኤፕሪል ሲገባ ነው። ጣልያን ሬሳ በወታደር መኪና ሲጫን አይተናል፣ ኒውዮርክ አምቡላንስ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ሰምተናል፣ የሎስ አንጀለስ ሆስፒታልም እንደዛ ከመሆኑ በፊት የሚያዝ ነገር ሁሉ ይያዝ ነው የተባለው። ሁለተኛ ቢች ማለት አሸዋው ብቻ አይደለም። እዛ ለመድረስ አንድ መኪና ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ተጨናንቆ ይሄዳል፣ ሽንት ቤት ወረፋ አለ፣ ታኮ መሸጫው ጋ ወረፋ አለ፣ ማታ ሲመለስ ደሞ አንዱ ቤት ተሰብስቦ ይበላል። የሚያሳስበው ይሄኛው ክፍል ነበር፣ ለኔ እስካሁንም ትክክለኛ ስጋት ነው።

እሺ በኋላ ጥናቱ ምን አለ? ቢች ላይ የተያዘ ሰው አለ?

ከቻይና የወጣ ጥናት ነበር፣ ወረርሽኙ ከጀመረበት ከሁቤይ ክፍለ ሀገር ውጪ ባሉ 120 ከተሞች ሶስትና ከዛ በላይ ሰው በአንድ ላይ የተያዘባቸውን 318 አጋጣሚዎች አዩ፣ ሁሉም የተነሱት ጣሪያ ስር ነው፣ ውጪ ሜዳ ላይ ያገኙት አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የተያዘበት ሁለት ሰው ስለሆነ ከ318ቱ አይቆጠርም። 318ቱ ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ሬስቶራንት ምናምን ነው። በዛው አመት መጨረሻ አካባቢ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ስራ ወጣ፣ ውጪ የተላለፈው ከመቶ አስር እንኳን አይሞላም፣ ዝግ ቤት ውስጥ የመያዝ እድሉ ከውጪው ወደ 19 እጥፍ ይጠጋል አለ። እንግሊዝ ደሞ ማርክ ዉልሃውስ የሚባሉት የኤድንብራ ፕሮፌሰር ፌብሩዋሪ 2021 ላይ ፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ እኔ እስከማውቀው በአለም ላይ ከህዝብ ቢች ጋር የተያያዘ ወረርሽኝ ታይቶ አያውቅም ብለው ተናገሩ። ይሄን የተናገሩት እዛው እንግሊዝ ያለው ቦርንማውዝ ቢች ጁን 2020 ላይ በሰው ተጥለቅልቆ ባለስልጣናቱ አስቸኳይ ሁኔታ ካወጁና ጋዜጣው ሁሉ ህዝቡን ከሰደበ በኋላ ነው።

ይሄ ማለት ግን ውጪ ሆኖ ፈፅሞ አይያዝም ማለት አይደለም። ፊት ለፊት ተቀምጠሽ፣ ሶስት ሰአት ስታወሪ፣ በአንድ ገበታ ስትበዪ ከሆነ ንፋሱም ሁልጊዜ አያድንም። አደጋው በጣም ያንሳል ነው እንጂ የለም አይደለም።

ዜና ላይ የታዩት ፎቶዎችስ? ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነበር እኮ!

ፎቶው ውሸት ላይሆን ይችላል ግን እንዴት እንደተነሳ ማወቅ ያስፈልጋል። ረጅም ዙም ባለው ሌንስ ከሩቅ ሆነሽ ቢቹን በርዝመቱ ካነሳሽው ከፊትና ከኋላ ያሉት ሰዎች የተጣበቁ ይመስላሉ፣ መሀላቸው አስር ሜትር ቢኖርም አይታይም። ያንኑ ቢች በዚያው ደቂቃ ከላይ ከሄሊኮፕተር ወይ በድሮን ብታነሺው እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ጃንጥላ ይዞ ተራርቆ ይታያል። የትኛው ነው እውነት? ሁለቱም ተነስቷል፣ ርቀትን የሚያሳየው ግን ከላይ የተነሳው ነው። በዛ ሰሞን የወጡትን ምስሎች አይቼ በጣም የተናደድኩባቸው ሰዎች ነበሩ፣ ብዙዎቻችን ተናደናል፣ ውሳኔም የተወሰነው በዛ ንዴት ውስጥ ነው፣ ይሄ እስካሁን ያሳዝነኛል። አንድ ሰፈር እንዲዘጋ ከመወሰኑ በፊት ቢያንስ ከላይ የተነሳ ፎቶ መታየት ነበረበት።

ኦሬንጅ ካውንቲን ለምን ነጥለው ዘጉት?

ይሄ ነው ከሁሉም የሚያከራክረው፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ካርታውን አስቡት። መሀል ላይ ኦሬንጅ ካውንቲ አለ፣ ሰሜኑ ሎስ አንጀለስ ነው፣ አስር ሚሊዮን ህዝብ ያለው ካውንቲ፣ ቢቹ በሙሉ ዝግ። ደቡቡ ሳን ዲዬጎ ነው፣ እዛም ከተማው ከማርች 23 ጀምሮ ዘግቷል። ኦሬንጅ ውስጥ ግን ኒውፖርትና ሀንቲንግተን ክፍት ናቸው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ፣ ከኛ ፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከባድ ሙቀት መጣ። ሰው ከወር በላይ ቤቱ ተቀምጧል፣ ብዙ አፓርታማ ኤሲ የለውም፣ ታዲያ ግራና ቀኙ ተዘግቶ መሀሉ ክፍት ከሆነ የት ይሄዳል? ወደ ክፍቱ ነዋ። ኒውፖርት ቢች አርብ ቀን ብቻ ወደ 40,000 ሰው ገደማ መጣ ተብሎ ተገመተ። ሎስ አንጀለስና ሳን ዲዬጎ የዘጉት ሰው ጠቅላላ እዛ ነው የፈሰሰው፣ በሰሜን በኩል ደሞ ቬንቹራ ክፍት ስለነበር እዛም እንደዛው።

ሰኞ ዕለት ገቨርነሩ በመግለጫቸው ላይ በጣም ተቆጡ። ረቡዕ ማታ ለፖሊስ አዛዦች የተላከ ማስታወሻ አፈትልኮ ወጣ፣ የካሊፎርኒያ ቢች ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ነው የሚል፣ አገሩ ተንጫጫ። በማግስቱ ኤፕሪል 30 ሲነገር ግን የተዘጋው ኦሬንጅ ካውንቲ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሀንቲንግተን ቢችና ዴና ፖይንት ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ሜይ 1 ዳኛው እግዱ ለጊዜው ይነሳልን የሚለውን ጥያቄ አልተቀበሉም። የዛኑ ቀን ሀንቲንግተን ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰልፍ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፣ ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ቢች ተዘጋ፣ በመዘጋቱ ምክንያት ሰው መንገድ ላይ ተሰበሰበ፣ ያውም ማስክ ሳያደርግ፣ እየጮኸ። ከዛ በቀናት ውስጥ ሳን ክሌመንቴና ላጉና ቢች ለመክፈት ያቀረቡት እቅድ ተቀባይነት አገኘ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ ነገሩ ሳምንት ሳይሞላው በረደ።

እኔ የምለው፣ ጥፋቱ የኒውፖርት ሰው ብቻ አልነበረም። ጎረቤታሞች ሳይመካከሩ አንዱ ዘግቶ ሌላው ከከፈተ መጨናነቁ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ወይ ሁሉም አንድ ላይ ይዝጉ፣ ወይ ሁሉም በልክ በልክ ይክፈቱና ሰዉ ይበተን፣ በመቶ ኪሎሜትሮች በሚቆጠር ዳርቻ ላይ እኮ ነው የምናወራው።

መንግስት ግን ቢች የመዝጋት መብት አለው? የህዝብ አይደል እንዴ?

የህዝብ ነው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደሞ በጣም የህዝብ ነው። ውሃው የሚደርስበት እርጥቡ አሸዋ የሁሉም ነው፣ ማሊቡ ላይ ሚሊየነር ቤት ፊት ለፊት እንኳን ቢሆን ቁጭ ማለት ትችላላችሁ፣ የግዛቱ ህገ መንግስትም ከ1976 የወጣው የኮስታል አክት የሚባለው ህግም ወደ ባህር የመድረስ መብትን ይጠብቃሉ። ሀበሻ ብዙው ይሄን አያውቅም፣ ሀብታሞቹ አጥር ሲያጥሩና የግል ነው የሚል ሰሌዳ ሲለጥፉ እናምናለን።

ግን በአስቸኳይ ጊዜ ለጤና ሲባል መብትን ለጊዜው መገደብ ይቻላል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1905 በፈንጣጣ ክትባት ጉዳይ ከወሰነው ጀምሮ ዳኞች ሲጠቅሱት የኖሩት ነገር ነው። ስለዚህ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ አዎ ነው። ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፣ እሱን ደሞ ዳኛ ሳይሆን እኛ ነን መጠየቅ ያለብን።

እውነት ሰው ታስሯል? ቅጣቱስ ስንት ነበር?

እስከ 1,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችል ነበር። ማንሃተን ቢች ላይ ቢቹ በተዘጋ ማግስት አንድ ሰርፈር ውጣ ሲሉት እምቢ ብሎ ገብቶ 1,000 ዶላር ተቀጥቷል። ማሊቡ ፒር አጠገብ ደሞ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ አንዱ ብቻውን ባህር መሀል ፓድልቦርድ (ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ) ላይ ሲቀዝፍ ላይፍጋርዶቹ፣ የዋናተኛ ጠባቂዎቹ፣ ቢጠሩት አልወጣም፣ የሸሪፍ ጀልባ ሲመጣ ግን ወደ ዳር ወጣ፣ እዛው ካቴና አስገብተው ወሰዱት። ያ ሰውዬ ከማንም ሰው ብዙ ርቀት ላይ ነበር፣ ለመያዝ ግን ፖሊሶቹ አጠገቡ መምጣት ነበረባቸው። ህግ ሲጣስ ዝም ይባል እያልኩ አይደለም፣ ግን ህጉ ራሱ የቆመለትን ነገር ሲያስረሳ ማየት ደስ አይልም። ሳን ክሌመንቴ ደሞ ልጆች እንዳይሰበሰቡ ብለው የስኬትቦርድ መጫወቻውን 37 ቶን አሸዋ ሞሉበት፣ ቬኒስም እንደዛው ሞልተውታል።

ሜይ ላይ ሲከፈት መሄድ ይቻላል መቀመጥ አይቻልም ያሉት ለምንድነው?

መሮጥ፣ መራመድ፣ መዋኘት፣ ሰርፍ ይቻላል። ፎጣ አንጥፎ መተኛት፣ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ ኩለር፣ ምሳ ይዞ መቀመጥ፣ ቮሊቦል አይቻልም። ከውሃ ስትወጡ ማስክ። ፓርኪንጉም መጀመሪያ አልተከፈተም።

ብዙ ሰው ይሄን ትዕዛዝ እንደ ቀልድ ነው ያየው፣ እኔ ግን ከሁሉም የተሻለው ህግ እሱ ነበር እላለሁ። የሚንቀሳቀስ ሰው ቶሎ ይመለሳል፣ ሌላው ቦታ ያገኛል። የሚቀመጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ነው፣ ኩለሩ ካለ ደሞ ዘመድ ይጠራል፣ ዘመዱ ዘመዱን ይጠራል፣ ሀበሻን ታውቁት የለ፣ ለሁለት ሰው የተቋጠረ እንጀራ ሀያ ሰው ይበላዋል። ፓርኪንግ መዝጋትም እንደዛው ነው፣ ቢቹን ሳትዘጊ የሚመጣውን ሰው ብዛት ትቀንሺያለሽ። ችግሩ ፓርኪንግ ሲዘጋ በእግሩ መድረስ የሚችለው ባህር ዳር የሚኖረው ሀብታም ብቻ መሆኑ ነው፣ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ለምን እንደገና ተዘጋ?

ጁን ላይ ብዙ ነገር ተከፈተ፣ ባር ራሱ ጁን 19 ተከፈተ፣ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ ጁን 28 ገቨርነሩ ባሮቹን መልሰው ዘጉ። ከዛ ካውንቲው ቢቹን ከጁላይ 3 እስከ ጁላይ 6 ጠዋት ዘጋ፣ ርችቱም ቀረ። ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥም ብዙ ከተሞች ለበዓሉ ዘግተዋል፣ ባለፈው ፍርድ ቤት የሄደው ሀንቲንግተን ሳይቀር። የሶስት ቀን ነገር ስለሆነ፣ ጎረቤቶቹም አብረው ስለዘጉ፣ ከኤፕሪሉ ይሻላል እላለሁ። ግን ቢች ሲዘጋ ያ ሁሉ ሰው ባርቤኪዩውን የት አደረገው? ጓሮ፣ ጓሮ የሌለው ሳሎኑ ውስጥ። ይሄን የቆጠረው ሰው ያለ አይመስለኝም።

በመዘጋቱ ማን ነው የተጎዳው?

አፓርታማ ውስጥ የሚኖረው ሰው ነው፣ በጭራሽ የሚያጠራጥር አይደለም።

አንዲት የማውቃት እናት አለች፣ ኢንግልዉድ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከሶስት ልጆቿና ከእናቷ ጋ ነው የምትኖረው፣ ባሏ ኤርፖርት አካባቢ ፓርኪንግ ነበር የሚሰራው፣ በረራ ሲቆም ስራውም ቆመ። ከኮሮና በፊት እሁድ እሁድ የሚሄዱት ዶክዋይለር ነበር፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ኤልኤኤክስ ስር ያለው፣ አውሮፕላኑ ጭንቅላታችሁ ላይ የሚያልፍበት፣ የእሳት ማንደጃ ያለው ቢች። ብዙ ሀበሻ እዛ ነው ጥብስ የሚጠብሰው። ሲዘጋ ልጆቹ መሮጫ አልነበራቸውም፣ ፎቅ ላይ ሲዘሉ የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን እየመታ ይጮሃል። አያትየው አሮጊት ናት፣ ስኳር አለባት፣ ሀኪም በየቀኑ ተራመጂ ብሏታል፣ እሷ ኮሪደር ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ኮሪደሩ ደሞ መስኮት የለውም፣ ሌላ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ንገሩኝ እስቲ፣ ለዚህች አሮጊት ኮሪደሩ ነው ወይስ ባህር ዳሩ ነው የሚሻለው?

ማሊቡ ያለው ሰው ቢቹ ሲዘጋም በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ባህሩን ያያል። ጓሮ ያለው ልጁን ጓሮው ውስጥ ያጫውታል። መኪና የሌለው ሰው በባቡር ሳንታ ሞኒካ ደርሶ ቢጫ ቴፕ አይቶ ይመለሳል። ሁሉም ላይ እኩል የወጣ ህግ ሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። ወሳኞቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው አልልም፣ ፈርተው ነው፣ በችኮላም ነው፣ ግን ሁለት ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች ስብሰባው ላይ ድምፅ እንዳልነበራቸው ያስታውቃል።

ዲሴምበር ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲሞት ቢች ዝግ ነበር?

አልነበረም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስታውስም። በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ከየትኛውም ጊዜ የከፋው ላይ ደረሰች፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ አይሲዩ (የፅኑ ህሙማን ክፍል) ባዶ አልጋ የለም ተባለ፣ አምቡላንስ ሆስፒታል በር ላይ ለሰአታት ይቆም ነበር፣ አስከሬን ማቃጠያዎች ከአየር ብክለት ህግ በላይ እንዲሰሩ ተፈቀደ። ከኛም ሰው ስንቱን ቀበርን። በዛን ጊዜ እንደገና ቤታችሁ ሁኑ ተባለ፣ ሬስቶራንት ደጅ ላይ መብላት እንኳን ተከለከለ፣ ቢቹና የእግር መንገዱ ግን ክፍት ቀሩ። ካውንቲው ከማርች እስከ ዲሴምበር ተምሯል ማለት ነው፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ተገቢ አይሆንም። ሰው የሚያዘው ስራ ቦታ፣ ቤት ውስጥ፣ አንድ ጣሪያ ስር ነው፣ መጋዘን የሚሰራው ታሞ ይመጣና እናቱን ያስይዛል። ለነዛ ቤተሰቦች ብዙ ሰው ካልተሰበሰበበት ባህር ዳር አንድ ሰአት ንፁህ አየር ማግኘት የሚጠቅም ነገር ነበር።

ሌላ አገርስ እንዴት አደረገ?

ሲድኒ ማርች 20 ቦንዳይ ቢች ሞልቶ ታየ፣ በማግስቱ ዘጉት፣ ኤፕሪል 28 ሲከፍቱት ለመዋኘትና ለሰርፍ ብቻ ነበር፣ ልክ እንደኛው ሜይ። ደቡብ አፍሪካ ዲሴምበር ላይ ለገና በዓል ሰሞን ብዙ ቢቾች ዘጋች፣ ኩዋዙሉ ናታል ላይ መጀመሪያ በተመረጡ ቀናት ብቻ ነበር፣ እንደ ገና ቀንና አዲስ አመት፣ በኋላ ቁጥሩ ሲብስ ሰፋ አደረጉት፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ቆየ። ፍሎሪዳ ገቨርነሩ በመላው ግዛት አልዘጋም ብሎ ለየካውንቲው ተወው፣ ጃክሰንቪል ኤፕሪል 17 ስትከፍት ማያሚ ቢች እስከ ጁን 10 ዝግ ነበረች። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን ደሞ፣ ኔታኒያና አሽዶድ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ሜይ 20 ነው በይፋ የተከፈተላቸው፣ ከዛ በፊት በነበረው ሙቀት ግን ሰው አልቻለም፣ ገብቷል።

ከባህር ውሃው ይይዛል ወይ?

አይዝም። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ያኔም ቫይረሱ በባህር ወይም በመዋኛ ውሃ እንደሚተላለፍ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሏል። የሚያዘው ውሃው ውስጥ አጠገብሽ ካለው ሰው ትንፋሽ ነው፣ እሱም ከተጠጋችሁ።

እሺ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

ማርች ላይ እኔም እዘጋው ነበር። በማታውቂው ነገር ላይ ሆስፒታል ሊሞላ ሲል መጀመሪያ ማስቆም ነውር የለውም፣ እንዲያውም የዘገየ ነው የሚያስወቅሰው። ግን ስዘጋ ቀን እቆርጥ ነበር፣ በየሁለት ሳምንቱ ምን ተማርን ብዬ በግልፅ እናገር ነበር፣ ዝም ብዬ አላራዝምም። ከባርና ከሬስቶራንት ቀድሞ የሚከፈተው ቢች ይሆን ነበር። መቀመጥ ክልክል፣ መራመድ ይቻላል፣ ይሄ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሊሰራ ይችል ነበር። ፓርኪንግ በግማሽ፣ ሽንት ቤት ክፍትና የሚፀዳ፣ ሲሞላ መግቢያው ላይ ሞልቷል ብሎ መመለስ። ከጎረቤት ካውንቲ ጋር ሳይስማሙ ብቻውን መዝጋት ፈፅሞ የለም። ማስታወቂያውንም በአማርኛ ጭምር አወጣ ነበር፣ ምክንያቱም እኛ ሰፈር ብዙ አዛውንት ተዘግቷል የሚለውን የሰሙት ከልጅ ልጃቸው ነው፣ ለምን የሚለውን የነገራቸው ደሞ ጭራሽ የለም። ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ቴፑን አልፎ ቢገባ አልፈርድበትም።

ዝግ ቢች ከመጠበቅ ይልቅ ፖሊሱና ላይፍጋርዱ ማስክ ቢያድሉና እባካችሁ ትንሽ ራቅ ራቅ በሉ ቢሉ ህዝቡ ይሰማ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዶክዋይለር ላይ ሜይ መጨረሻ ያየሁት ላይፍጋርድ እንደዛ ያደርግ ነበር፣ በትንሽ መኪናው ቀስ እያለ እየሄደ በድምፅ ማጉያው በትህትና ያወራል፣ ሰዉም ፎጣውን አንስቶ ራቅ ይል ነበር፣ አንድም የተጨቃጨቀ ሰው አላየሁም።

አሁን ቢች ዝግ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ኮሮና ካለፈ በኋላም ዝግ የሚል ሰሌዳ አይቻለሁ።

አዎ፣ በሌላ ምክንያት ይዘጋል። ጁላይ 2021 ሃይፔሪየን የሚባለው የፍሳሽ ማጣሪያ ተበላሽቶ 17 ሚሊዮን ጋሎን ቆሻሻ ባህር ገብቶ ዶክዋይለርና ኤል ሰጉንዶ ለመዋኘት ተዘግተው ነበር፣ በ2025 መጀመሪያም ከፓሊሴድስ እሳት በኋላ አመድና የተቃጠለ ነገር በዝናብ ወደ ባህር ስለገባ ውሃው እንዳይነካ ተብሏል። እንዲህ ያለው መዘጋት ከኮሮናው ጋር አይገናኝም፣ ውሃው ራሱ ስለተበከለ ነው፣ ስለዚህ ሰው የለም ብላችሁ ልጅ ይዛችሁ እንዳትገቡ። ዝናብ ከዘነበ በኋላም ለሶስት ቀን ያህል አትዋኙ፣ በተለይ የጎርፍ ቦይ ባህር የሚገባበት አጠገብ። ከቤት ሳትወጡ የካውንቲውን የጤና ቢሮ ዌብሳይት እዩ፣ የየቢቹን የውሃ ሁኔታ ይለጥፋሉ፣ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩልኝና አነብላችኋለሁ።